«እንዴት አደራችሁ?» የማይል ኢኮሎጂ

እንዴት አደራችሁ?

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ጠዋት ላይሆን እንደሚችል እናውቃለን። ከምሳ በኋላ ከእንቅልፍ ጋር እየታገላችሁ፣ ወይም ማታ እራት ቀርቦ እየቀዘቀዘባችሁ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ዛሬ ሰላምታችንን አንለውጥም። የዛሬው ጉዳያችን ያለው እዚሁ ሰላምታ ውስጥ ነው። እስክንጨርስ ብቻ ታገሡን።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የፈረንጅ ቃል ነው፤ «ኢኮሎጂ»። ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ዳባትን ተሻግሮ ደባርቅ የሚገባ ሰው ይህችን ቃል ሳይሰማ አይመለስም። ሙሉ ስሟን ባይሰማ ቁራጯን ይሰማል፦ ኢኮቱሪዝም፣ ኢኮሎጅ፣ ኢኮሲስተም። ስብሰባ ላይ ትነሣለች፣ የፕሮጀክት ሰነድ ላይ ትጻፋለች፤ ባለሙያውም አስጎብኚውም ሹሙም ይጠራታል። እኛም አፋችንን ሞልተን ስንጠራት ኖረናል። «ለመሆኑ ምን ማለት ናት?» ብለን የጠየቅነው ግን ዘግይተን ነው።

መልሱን ስናገኝ ገረመን፤ ትንሽም አሳፈረን። «ኢኮ» ማለት ቤት ማለት ነው።

(አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መደባለቅ ስላልፈለግን ነው እንጂ የራሳችንን ጠልተን አይደለም።)

የጥንት ግሪኮች ቤትን «ኦይኮስ» ይሉታል። ኦይኮስ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ፣ አገልጋዩ፣ ከብቱ፣ እርሻው፣ ጎተራው ሁሉ ኦይኮስ ውስጥ ይገባል። የሶቅራጥስ ተማሪ የነበረው ዜኖፎን «ኦይኮኖሚኮስ» የተባለ መጽሐፍ አለው። ርእሱ ሲጠራ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ የሚያወራው ስለ ቤት አያያዝና ስለ እርሻ ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሶቅራጥስና ወዳጁ «ቤት ምንድን ነው?» ብለው ይነጋገሩና፣ ከግቢ ውጭ ያለው ንብረት ሳይቀር የቤቱ አካል ነው ብለው ይስማማሉ። የኛ ገበሬም ቢጠየቅ ሌላ መልስ የሚሰጥ አይመስለንም።

«ኖሞስ» ደግሞ ሕግ፣ ሥርዓት ማለት ነው። ኦይኮስና ኖሞስ ሲጋቡ «ኦይኮኖሚያ» ተወለደ፤ የቤት አስተዳደር። ቃሉ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ሲገባ «ኢኮኖሚ» ሆነ። እንግዲህ የኢኮኖሚ የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ባንክም ሚኒስቴርም አልነበረም፤ ጓዳና ጎተራ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ የባለጠጋውን ንብረት የሚያስተዳድረው ሰው በግሪክኛው «ኦይኮኖሞስ» ነው። የኛዎቹ ተርጓሚዎች «መጋቢ» አሉት። ቤቱን የሚጠብቅ፣ የሚመግብ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የኢኮኖሚስት ትርጉም ያለው ሰው ካለ ይንገረን።

ኢኮሎጂ ደግሞ የኢኮኖሚ ታናሽ እኅት ናት፤ በዕድሜ በጣም ትንሽ። ስሟን ያወጣላት ኤርንስት ሄክል የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሲሆን ዘመኑ 1866 ነው። ኦይኮስን ወስዶ «ሎጎስ» ከሚለው ጋር አጋባት፤ የቤት ጥናት። እንግሊዞቹ ሲቀበሏት መጀመሪያ ላይ ከፊቷ የግሪኩን «ኦ» ይዛ ነበር፤ ኋላ ጣሉባት። ሄክል በ1869 ሲያስረዳ፣ ኢኮሎጂ ማለት የተፈጥሮ ኢኮኖሚ ዕውቀት ናት ብሏል። አያችሁ? ታናሿን ለማስተዋወቅ ታላቋን ጠራ። እንስሳውና ዕፅዋቱ፣ አፈሩና ውሃው፣ ሁሉም በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር እንደሚኖር ቤተሰብ እየተሰጣጡና እየተቀባበሉ ያድራሉ ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ «ግሪክ የት፣ ስሜን የት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ደስ ይላል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ዝርዝር ነው። ንጉሡ ካስገበሯቸው ሕዝቦች መካከል የስሜን ሰዎች አሉ። ከወንዙ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ፣ እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ የሚኖሩ ተብለው ተጽፈዋል። የስሜንን ስም ከሚጠቅሱ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ እንግዲህ በግሪክ ፊደል የተጻፈ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ያ ጽሑፍ ተራራውን ብቻውን አልጠራም። ተራራውን ከነሰዎቹ ነው የጠራው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። ኢኮሎጂን በአማርኛ «ሥነ ምኅዳር» እንላለን። ብዙዎቻችን ምኅዳር ሲባል ዛፍና ሣር፣ ቢበዛ ወፍ ነው የሚታየን። ሥሩን ስንቆፍር ግን «ኀደረ» የሚለውን ግዕዝ እናገኛለን፤ አደረ፣ ኖረ ማለት ነው። ማኅደር ማደሪያ ነው፤ ዳዊት የሚያድርበት የቆዳ ከረጢትም ማኅደር ይባላል። ስለዚህ ምኅዳር ማለት የሚታደርበት ቦታ ነው። ቃሉን የሠሩት ሰዎች ግሪኩን ኦይኮስ በደንብ ነው የመነዘሩት።

ጨዋታው ገና አላለቀም። ከዚያው ከ«አደረ» ሥር «ተዳደረ» ይወጣል። «በምን ይተዳደራሉ?» ብለን እንጠይቃለን። «መተዳደሪያው እርሻ ነው» እንላለን። «አስተዳደር» የሚለው የቢሮ ቃልም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። እንግዲህ ግሪኮች ከአንድ ቤት ሁለት ቃል እንዳወጡ፣ እኛም ከአንድ አዳር ሁለት ቃል አውጥተናል። እነሱ ኢኮሎጂና ኢኮኖሚ ሲሉ፣ እኛ ምኅዳርና መተዳደሪያ አልን። ማደሪያ የሌለውን ሰው እንኳ «የጎዳና ተዳዳሪ» ነው የምንለው። ጎዳናም ቢሆን አዳር አዳር ነው።

እና በየጠዋቱ ደባርቅ ገበያ ላይ፣ ዳባት መናኸሪያ ላይ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ የሚባባለው ምንድን ነው? «እንዴት አደራችሁ?» የቤት ጥያቄ ነው። «ከብቱስ? ልጆቹስ? አገሩስ?» እየተባለ ይቀጥላል። የአንድ ኦይኮስ ሙሉ ቆጠራ ማለት ነው። እንግዳ ወደ አዲስ ቤት ሲገባም «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ አገር ቤት የሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጥጃውም ድርሻ አለው።

እስካሁን የቃል ጨዋታ ነበር። ከዚህ በኋላ ጨዋታ አይደለም።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ስሜን ነበር፤ ከላሊበላ ጋር ተያይዘው ገቡ። በዚያው ሰሞን ደርግ በተራራው ሰሜናዊ ግርጌ የሚኖሩ ሰዎችን በግድ አስነሣ። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ዋልያው ቀንሷል፣ ሰውና እርሻ በዝቷል፣ መንገድ መሀሉን አቋርጧል ተባለ። በ2016 ደግሞ በፓርኩ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ገብስ እየዘሩ ከብት እያረቡ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎችና እማወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ካሳ ተሰጣቸው፣ የቤት መሥሪያ ቦታም ተሰጣቸው። በፈቃዳቸው ነው ተባለ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ተጨበጨበ። ማጨብጨብም ይገባ ነበር። ግን አንድ ቤት ከአደጋ ሲወጣ ሌላ ቤት መፍረሱን አብሮ መናገር ይገባ ነበር።

ፓርኩን ለማጣጣል አይደለም የመጣነው፤ ይህን በግልጽ እንናገር። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ አገር የለውም። እዚህ ከጠፋ ጠፋ ነው። የገብስ ማሳ ቁልቁለቱን እየወጣ ሲሄድ አፈሩ ገደሉን እየወረደ እንደሚሄድ ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ገበሬው ነው። አፈሩ ያለቀ ማሳ ለዋልያም ለልጅም አይሆንም። «ኢኮኖሚ፣ ኢኮኖሚ» ብቻ የሚል ሰው ቤቱን እየሸጠ ቤት አስተዳደርኩ እንደሚል ሰው ነው።

ቅሬታችን ከሌላኛው ወገንም ጋር ነው። በኢኮሎጂ ስም በሚጻፉ ሰነዶች ውስጥ የተራራው ሰው በምን ስም እንደሚገባ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ጫና» ተብሎ ነው የሚገባው። «የሰውና የከብት ጫና»። ዋልያው ነዋሪ ነው፤ ጭላዳው ነዋሪ ነው፤ ቀይ ቀበሮው ነዋሪ ነው፤ ሰውየው ግን ጫና ነው። «የቤት ጥናት» የሚል ስም ያለው ዕውቀት ቤት ያለውን ሰው ጫና ብሎ ሲጠራ፣ ቃሉ የራሱን ትርጉም ረስቷል ማለት ነው። ይህን ያስተዋልነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የግጭን ሰዎች መነሣት ምሳሌ አድርጎ ነገሩን «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ብሎታል። ስያሜው ከረረ የሚል ይኖራል። እኛ ግን ለመከራከር የሚያስፈልገን ስያሜው አይደለም፤ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፦ ገብስ ዘርቶ የሚያድር ሰው ማሳው ከቀረ በኋላ በምን ይተዳደር?

ካሳ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ያልቃል። ማሳ በየዓመቱ ይታጨዳል። ከተማ ሲገባ ማገዶው በገንዘብ ነው፣ እህሉ በገንዘብ ነው፣ ውሃው በገንዘብ ነው። የግጭ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሰግዶ ያደገበት መስጊድ፣ አባቱ የተቀበረበት መቃብር እዚያው ተራራ ላይ ነው። ይህን በካሬ ሜትር ተምኖ ካሳ የሚከፍል መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተፈጠረም።

ግሪኮች ለዚህም ቃል አላቸው። «ፓሮይኮስ» ይላሉ፤ ከቤቱ አጠገብ የሚኖር፣ ግን የቤቱ ያልሆነ ሰው። እንግሊዝኛው አጥቢያን «ፓሪሽ» የሚለው ከዚሁ ቃል አምጥቶ ነው። የደባርቅና የዳባት አካባቢ የፓሮይኮስን ኑሮ ያውቀዋል። በ2021 ጦርነቱ እዚህ ድረስ ሲመጣ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል፤ በዚያው ዓመት ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ላይ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል። ቤት ማጣት ምን እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

«ቱሪዝም አለ አይደል ወይ?» ይባል ይሆናል። አለ፤ ነበረም። በደባርቅ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ አከራዩ እንግዳ እየጠበቀ ሲያድር ኖሯል። ከዚያ በ2020 ኮሮና መጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት ተጨመረ። እንግዳ ጠፋ። በቅሎዋ ግን ገለባዋን ትፈልጋለች። በነዚሁ የችግር ዓመታት የዋልያውም ቁጥር ክፉኛ ማሽቆልቆሉ ተነገረ። እኅትማማቾቹን ለያይቶ ማሳደግ አይቻልም የምንለው ለዚህ ነው። የሰውየው መተዳደሪያ ሲደርቅ የዋልያውም ምኅዳር አብሮ ይደርቃል። ሰነዱ ላይ በሁለት ምዕራፍ ይጻፉ እንጂ ተራራው ላይ አንድ ናቸው።

አሁን አንድ ብልህ አንባቢ እጁን ያወጣል። «የቃል ሥር ሕግ አይደለም፤ ቃል ይለወጣል፤ ኢኮኖሚ ዛሬ ጓዳ ማለት አይደለም» ይለናል። እውነቱን ነው። «ኢቲሞሎጂ» ራሱ «እውነተኛ» ከሚል የግሪክ ቃል ቢመጣም፣ የቃል ጥንተ ትርጉም ሁልጊዜ የዛሬ እውነቱ አይደለም። ማንንም ሰው «ሥሩ እንዲህ ስለሆነ እንዲህ አድርግ» ብለን ማስገደድ አንችልም። ግን ቃል ቢያስገድድም ባያስገድድም ያስታውሳል። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች፣ አንዱ በኤጂያን ባሕር ዳር፣ አንዱ በዚህ በረዶ ተራራ ሥር፣ የቤትን ነገር ሲያስቡ ማደሪያውንና መተዳደሪያውን ከአንድ ሥር ካበቀሉት፣ ያዩት አንድ እውነት ቢኖር ነው እንላለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? መፍትሔ ሳይናገር የሚወቅስ ጸሐፊ ሆነን አንገኝም። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ዳባት ነው ያለው።

በ1996፣ ፓርኩ አደጋ ዝርዝር ውስጥ በገባበት በዚያው ዓመት፣ ያኔ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የነበረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ወረዳ ውስጥ አንድ ሥራ ጀመረ። መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብለው ይመዘግባሉ። አንዴ ቆጥረው አልሄዱም፤ እየተመላለሱ ነው። ሳይንሱ «ዴሞግራፊ» ይለዋል፤ ይኸም ግሪክ ነው፣ ሕዝብን መጻፍ። በተራ አማርኛ ሲነገር ግን ሥራቸው «እንዴት አደራችሁ?» ማለትና መልሱን በወረቀት ማኖር ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ዋልያው ይቆጠራል። መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ ሳይቆጠር መጠበቅ አይቻልም። ከግጭ የወረዱት ቤቶችስ? ስንቱ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ? ስንቱ አባወራ ሥራ አገኘ? ስንቱ ደባርቅን ትቶ ሌላ አገር ሄደ? በስንቱ ቤት እሳት ሳይነድ ታደረ? ዳባት ላይ ለጤና ሲባል የሚሠራውን ደባርቅ ላይ ለፍትሕ ሲባል መሥራት ለምን ያቅተናል? ተራራውን ከአደጋ አወጣን የሚል ማንም ተቋም፣ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ ከዋልያው ቁጥር አጠገብ የነዚያን ቤቶች ቁጥር በየዓመቱ ቢያወጣ፣ ያኔ ኢኮሎጂ እውነትም የቤት ዕውቀት ሆነች እንላለን። ወደፊትም በፓርኩ ዙሪያ ያለ ሌላ መንደር «ይነሣ» ሲባል፣ ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት ይህ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ። ጠረጴዛም ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ «ትራፔዛ»። በቃሉ ብቻ ሳይሆን በዕቃው ዙሪያም አብረን እንቀመጥ።

እኛ ተራራውን እንወደዋለን። ልጆቻችን ዋልያን በፎቶግራፍ ብቻ እንዲያዩት አንፈልግም። የግጭ ልጆችም ተራራቸውን በወሬ ብቻ እንዲያውቁት አንፈልግም። ሁለቱን አብሮ መፈለግ ቅብጠት መስሎ የሚታየው ኢኮሎጂና ኢኮኖሚ ባዳ ናቸው ብሎ ላመነ ሰው ነው። እኅትማማች መሆናቸውን ለሚያውቅ ግን የቤት ጉዳይ ነው፤ የቤት ጉዳይ ደግሞ ቁጭ ተብሎ ተመክሮበት ያልቃል።

ከእንግዲህ አንድ ባለሙያ «ኢኮ» የሚል ሰነድ ይዞ ወደ ስሜን ሲመጣ፣ ከካርታው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። የክፍለ ዘመናት ዕድሜ ያላት፣ ማንኛዋም የደባርቅ እናት በየጠዋቱ በነፃ የምትጠይቃት ጥያቄ ናት።

እንዴት አደራችሁ?

መልሱን ደግሞ ቁጭ ብሎ ይስማ። በሉ እንግዲህ፣ ደኅና እደሩ።